ከወንበሩ ጀርባ ያለው ስሜን

ይህ የገጠመኝ ነገር ካቻምና፣ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በአበባ ተሸፍኖ በነበረበት ሰሞን የጀመረ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው በር በጠዋት አንኳኩቼ አላውቅም። የተዋስኩትን ዕቃ ልመልስ ብሄድ እንኳን ፀሐይ ከፍ እስክትል እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ጌታሁን ይስቅብኛል። እሱም አብሮኝ ስለነበረ ግን ብዙ አይስቅም።

እንጅባራ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበር፣ ሁለት መብራት፣ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ይዛ ሞልታለች። ከወንበሩ ጀርባ ግን ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የያዘ ባነር ተሰቅሏል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ገደሉ አለ፣ አፋፉ ላይ የቆመ አንድ ዋልያ አለ፣ ሣር የሚነጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። በቀኝ በኩል ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሟል፤ በግራ በኩል ታች፣ ከገደሉ ሥር፣ አንድ አረንጓዴ መስክ ይታያል።

ለጉርድ ፎቶ ነጭ መጋረጃ እስብበታለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ግን ስሜን ላይ ነው የሚነሣው። ሙሽራው፣ ክርስትና የሚያስነሣው፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመረቀው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ተመራቂዎቹ ካባቸውን ለብሰው ዋልያውን በትከሻቸው ይከልሉታል። ስንቱን ሰው ስሜን ወስጄ መልሻለሁ! እኔ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም።

ምኞቱ የጀመረኝ ከባነሩ በፊት ነው። ዳንግላ ተማሪ ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ሊወስደን ነበር። ስንቅ ሁሉ ይዘን በጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰልፈናል። መኪናው ተበላሸ ተባለና ቀረ። ዳቦዬን እዚያው ግቢ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ በላሁት። ያ የቀረብኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሰው ባሕር ማዶ ያምረዋል፤ እኔን የሚያምረኝ ያ ገደል ነው። አፋፉ ላይ ቆሜ፣ ደመናው ከእግሬ በታች ሲያልፍ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ። ደንበኛ ከሌለ ወንበሩን አዙሬ ባነሩን እያየሁ እቀመጣለሁ። ጌታሁን "ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የምታዪው" ይለኛል። ልክ ነው።

በእቅድማ ማን ይበልጠናል! ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ እናቅዳለን። አንዱን ዓመት እኔ ነፍሰ ጡር ሆንኩ። አንዱን ዓመት ቤት ስንሠራ አለቀ። አንዱን ዓመት አማቴ ታመሙ። ከዚያ ደግሞ የመንገዱ ነገር መጣ፤ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ጌታሁን እቅዳችን በፈረሰ ቁጥር የሚላት አንዲት ነገር አለችው፤ "ፓርኩ የትም አይሄድም።" መምህር ነውና ሁሉን ነገር በዝግታ ነው የሚያየው። እኔ ስወለድም ቸኩዬ ነው የተወለድኩት ይላሉ።

ካቻምና ግን ቆረጥን። ከመስቀል በኋላ፣ ሣሩ ሳይደርቅ እንሄዳለን አልን። በባሕር ዳር አልፈን ጎንደር እናድራለን፤ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ፓርኩ። ከሰልባጅ ተራ ወፍራም ወፍራም ጃኬት ገዛን። የእንጅባራ ሰው ብርድ አይፈራም ብንልም የዚያኛው ይብሳል አሉን። ልጆቹን ዳንግላ እናቴ ጋ ልናስቀምጥ ተስማማን። እኔም አፌ አያርፍም፤ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "ስሜን ልሄድ እኮ ነው" እላለሁ።

እማማ ይታይሽ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው።

ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ፣ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ ነበር የመጡት። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴትዮ ናቸው። ወንበሩን ሳሳያቸው አልተቀመጡም። መጋረጃውን ገና አልሳብኩትም ነበርና ባነሩን ቆመው ያያሉ።

"ይኸ የት አገር ነው የኔ ልጅ?" አሉኝ።

"ስሜን ነው እማማ። ፓርኩ ነው።"

ቀረብ ብለው ገደሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ለጎረቤታቸው በአዊኛ አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷም አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አዊኛ እሰማለሁ እንጂ ብዙ አልናገርም። ያሉት "ልጄ ያለው እዚህ ነው" ነበር።

ልጃቸው ምንይችል ይባላል። ሌላ ልጅ የላቸውም። ለሥራ ብሎ ወደ ጎንደር ወጥቶ፣ ደባርቅ አግብቶ፣ የፓርኩ ጠባቂ ሆኖ እዚያው ቀርቷል። ቀድሞ በጎረቤት ስልክ እየደወለ ድምፁን ያሰማቸው ነበር። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ድምፁም ጠፋ። ይኑር አይኑር የሚነግራቸው ሰው አልነበረም።

"ምንድነው የሚጠብቀው?" አሉኝ።

"ይኼንን ነዋ" ብዬ ዋልያውን አሳየኋቸው። "የዱር ፍየል ነው።"

"እህ!" አሉ። "የእኔን ፍየል ጅብ እየበላው እሱ የዱር ፍየል ይጠብቅልኛል!"

ሦስታችንም ሳቅን። የእሳቸው ሳቅ ግን ብዙ አልቆየም።

"አጥር አለው?"

"ዱር ምን አጥር አለው እማማ።"

"አጥር ከሌለው ታዲያ ምነው መውጣት አቃተው?"

አንጀቴን በሉት። ያ የማያርፈው አፌም አላስቻለውም፤ "እኛ ልንሄድ ነው እኮ፣ በቅርቡ" አልኩ።

ዓይናቸው በራ። "እኔንስ አትወስጂኝም?"

"እንዴታ! አብረን እንሄዳለን።"

ጌታሁንን እንኳን ሳላማክር ቃል ገባሁ። ከመሄዳቸው በፊት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት ጉርድ ፎቶ አወጡ። ምንይችል ነው። ከመታጠፍ ብዛት ፎቶዋ ግንባሩ ላይ ተሰንጥቃለች፣ ቀለሟም ለቋል። "ዓይኔ ደከመ። ፊቱ እንዲታየኝ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ" አሉኝ። ስካን አድርጌ ፎቶዋን እዚያው መለስኩላቸው። እሷን ለሰው ትተው የሚሄዱ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ለገበያ እንጅባራ በመጡ ቁጥር ጎራ ይሉ ጀመር። በሩ ላይ ይቆሙና ሰላምታ እንኳን ሳይቀድም "መቼ ነው?" ይሉኛል።

"የሚቀጥለው ሳምንት" እላለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል ይባላል። ይከፈታል ሲባል ደግሞ መኪና ይጠፋል። እሳቸው ግን ተስፋ አይቆርጡም። ለልጃቸው በሶ ፈጭተው፣ ቅቤ አንጥረው አስቀምጠዋል። በሶው ሲቆይባቸው ለጎረቤት ልጆች አደሉና እንደገና ቆልተው ፈጩ። የዱር ፍየል የሚጠብቅ ሰው ምን ይበላል፣ ማን ያበስልለታል፣ ሚስቱ ደግ ናት ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቄ! ብቻ "ደግ ናት አሉ" እላቸዋለሁ።

ደንበኛ ከሌለ ወንበሩን አዞርላቸዋለሁ። እኔ በርጩማ ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሁለታችንም ባነሩን እናያለን፤ እኔ ገደሉን፣ እሳቸው ልጃቸውን። ብዙ አናወራም። እንደዚያ ስንቀመጥ እኔም የሚናፍቀኝ ሰው እዚያ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ተነሥተው በግራ በኩል ታች ያለውን መስክ በጣታቸው ነኩት። "ቤቱ እዚህ ነው የሚሆን" አሉ። "ነፋስ አያገኘው፣ ውኃ አይርቀው። እኔም ብሆን እዚህ ነው የምሠራ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መስክ የምንይችል ቤት ሆነ። ሌላ ጊዜ አንዲት ተመራቂ ካባዋን አስተካክላ ስትቆም እማማ ይታይሽ ከጥግ ሆነው፣ "ወዲያ በይ የኔ ልጅ፣ እዚያ ጋ አትቁሚ፤ ሰው አለ" አሏት። ልጅቷ ደንግጣ ዞራ አየች። እኔ ፊቴን በካሜራው ሸፈንኩ።

ኅዳር ገብቶ እያለቀ ሲሄድ መንገዱ ጭራሹን ተዘጋ። ጌታሁን ጃኬቶቹን አጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተታቸውና "ፓርኩ የትም አይሄድም" አለ። ያን ዕለት ጮኽኩበት። "ፓርኩ አይሄድም፤ እናት ግን ትሄዳለች!" አልኩት። እማማ ይታይሽ በየሳምንቱ እየከሱ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ልጃቸውን ሳያዩ እንዳይሞቱ ፈርቼ ነበር።

ያኔ ነው አንድ ሐሳብ የመጣልኝ። ስካን ያደረግኩትን ፎቶ አወጣሁ። ስንጥቁን ደፈንኩ፣ የለቀቀውን ቀለም መለስኩ። ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ስሠራ ሰነበትኩና ፊቱን ከራሴ ፊት አብልጬ አወቅኩት። ከዚያ አረንጓዴ ጃኬት አልብሼ፣ በኮምፒዩተር ስሜን ላይ፣ ያ መስክ አጠገብ አቆምኩት። እሳቸው ያሉኝ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ ነው። እኔ እቴ! የመስኮት መዝጊያ አሳከልኩት፤ ፍሬምና መስተዋት አስገባሁለት። እሳቸውን ስሜን መውሰድ ካቃተኝ ስሜንን ከነልጃቸው ቤታቸው አስገባላቸዋለሁ አልኩ። ድንገት ሳይጠብቁ ይዤላቸው ስገባ የሚሆኑትን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከጌታሁን ጋር ግምጃ ቤት ሄደን ዘመዱ ቤት አደርን። እሱ ከሰዓት በኋላ የሚያስተምረው ክፍል ስለነበረው ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው። ለገበያ መጥተው ያደሩ አያ በላይ የሚባሉ የእማማ ይታይሽ ጎረቤት መንገዱን ሊያሳዩን አብረውን ተነሡ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤያለሁ። ፍሬሙ እንዳይጫር በነጭ አንሶላ ጠቅልለነው ጌታሁን ትከሻው ላይ አድርጎታል።

"ይኸ ምንድነው?" አሉኝ አያ በላይ።

"የምንይችል ፎቶ ነው" አልኳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። "እባክዎ፣ እስክንደርስ እማማ እንዳይሰሙ።"

አያ በላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ቀድመውን መራመድ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ምሥጢር የሚያውቁ ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን አንድ ደጃፍ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየደረቡ ወጥተው ተከተሉን። ከሚቀጥለው ቤት ሁለት ሴቶች ወጡ። ከዚያ ሌሎች። ማንም ቃል አይተነፍስም። ሰላምታ ስሰጣቸው አንገታቸውን ዝቅ ብቻ ያደርጋሉ። የገጠር ሰው እንዴት እንግዳ ያከብራል እያልኩ ነበር በሆዴ።

"አየህ፣ ሁሉም ሊቀበለን ነው" አልኩት ጌታሁንን።

ዞር ብሎ ከኋላችን ያለውን ሕዝብ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሙሉ" አለኝ። "እንዲህ በጠዋት፣ እንዲህ ተሰብስቦ ሰው ቤት የሚኬደው ለምንድነው?"

ክው አልኩ። የማላውቀው ነገር አልነበረም። መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው። የሚነግሩት ሰዎች ተሰብስበው፣ ዝም ብለው ነው የሚሄዱት። ሰው ደግሞ በመንገድ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ባለ ሐዘኑን ሊደግፍ ይከተላል እንጂ። ትልቅ ፎቶስ ቢሆን? እኔ ከማሳድገው ፎቶ አብዛኛው ለለቅሶ አይደለም ወይ? ያ ሁሉ ሰው ምንይችል ሞቷል ብሎ እናቱን ሊይዝ ነበር የሚከተለን። ቁሙ ልል አፌን ስከፍት ደርሰናል።

እማማ ይታይሽ ላማቸውን አልበው ማለቢያውን እንደያዙ ከጓሮ ብቅ አሉ። ሕዝቡን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ጌታሁን ትከሻ ላይ ያለውን ነጭ ነገር አዩ። ማለቢያው ከእጃቸው ወደቀ።

"ልጄን!" አሉ።

ጩኸታቸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሴቶቹ ሮጠው ያዟቸው፤ መንደሩ ሁሉ ለቅሶውን ተቀበላቸው። እኔ "አልሞተም! አልሞተም!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ለቅሶ ላይ አልሞተም እያለ የሚጮኸው ሰው ብዙ ነው። አንሶላውን ገፍፌ ፎቶውን ባሳያቸው ጭራሽ ባሰ። አንድ ሰው ፍሬሙን ከእጄ ነጥቆ ከራሱ በላይ አንሥቶ ያዘው። ምንይችል ስሜን ላይ ቆሞ ያየናል፣ ሕዝቡ ከሥሩ ደረቱን ይመታል። ይኼ ሳያንስ አንድ ጎልማሳ ፈረሱን ጭኖ ሲወጣ አየሁ። እኛ አገር የለቅሶ ወሬ ለሩቅ ዘመድ የሚደርሰው በፈረሰኛ ነው። አዲስ ቅዳም ከተማ ላሉት የእማማ ወንድም ሊነግር ነው። "ያዙት!" ብል ማን ይይዘዋል። ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት።

በመጨረሻ ጌታሁን አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ በመምህር ድምፁ "ጸጥታ!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። እኔም እያለቀስኩ፣ መርዶ እንዳልሆነ፣ ስጦታ ብዬ እንዳመጣሁት፣ ልጁ እንዳልሞተ ተናገርኩ።

እማማ ይታይሽ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው አፈር ነክቶታል።

"በምን አወቅሽ?" አሉኝ።

በምን አውቃለሁ? ድምፁን አልሰማሁ፣ ያየውን ሰው አላገኘሁ። ፎቶውን ያሳመርኩት እኔ፣ እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን ጥያቄ እሳቸው ስንት ጊዜ ብቻቸውን ጠይቀውታል! እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

"አላውቅም እማማ" አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሡና ለልጃቸው ካስቀመጡት በሶ በጥብጠው አጠጡን። የተሰበሰበው ሰውም ከዚያው እየቀመሰ፣ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ ዓይኑን እየጠረገ ተበተነ። አያ በላይ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ሲሉ እኔ ቀደምኳቸው። ፎቶውን ግን እማማ ይታይሽ እቤት አላስገቡትም። "መልሰሽ ውሰጂው። እሱ ራሱ ይምጣና ይስቀለው" አሉኝ። ይዤው ተመለስኩና ፎቶ ቤቴ ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት።

ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ። ለገበያ ሲመጡ እንደ ድሮው ወንበሩን አዙሬላቸው ይቀመጣሉ። "መቼ ነው?" ማለት ግን ተዉ። መተዋቸው ከመጠየቃቸው በላይ ከበደኝ።

ከገና በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው ገባ። ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ ከእግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው።

"እህቴ፣ ፎቶ ታሳድጊያለሽ?"

"አዎ።"

"ለለቅሶ ነው። ዛሬውኑ ይደርስልኛል?" ከደረት ኪሱ አንዲት ጉርድ ፎቶ አውጥቶ ሰጠኝ። "እናቴ ናት። ሳላያት፣ ሳልቀብራት ቀረሁ። ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብዬ ነው።"

ፎቶዋን አየሁ። ትንሽ ወጣትነት የቀራቸው፣ እንደ ዛሬው ቀጥ ያሉ እማማ ይታይሽ ናቸው። ቀና ብዬ ሰውየውን አየሁት። አገጩ ላይ ጠባሳ አለ። ያችን ጠባሳ በዓይኔ ብቻ ሳይሆን በእጄም አውቃታለሁ።

"ምንይችል" አልኩ።

"ታውቂኛለሽ?"

"እናትህ አልሞቱም! በዚህ ሳምንት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር!"

አላመነኝም። ለቅሶ ላይ አልሞተም ሲሉ የሰማ ሰው እንዴት ያምናል። ሮጬ ጥግ ያለውን ፍሬም አዞርኩለት። ራሱን አየ፤ ስሜን ላይ ቆሞ፣ የመስኮት መዝጊያ አክሎ፣ በመስተዋት ውስጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እና የሞትኩት እኔ ነኝ?" አለኝ።

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም የእሱን ነገረኝ። ያ ፈረሰኛ ለአጎቱ ነግሮ፣ አጎቱ ከሰል ጭኖ ወደ ጎንደር ለሚሄድ ሹፌር ነግሮ፣ ወሬው ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ደባርቅ የደረሰው "እነ ምንይችል ቤት ተለቅሷል" ተብሎ ነው። ማን ሞተ የሚለውም፣ በኋላ የተላከው ማስተባበያም በመንገድ ቀርቷል። እሱ ደግሞ እዚያ ቤት ከእናቱ በቀር ማንም የለውም። ከፊሉን በመኪና፣ ከፊሉን በእግሩ አድርጎ መጣ። ስልክ ያላመጣውን፣ እኔ ያቀድኩት ጉዞ ያላመጣውን ልጅ ያ የማይረባ ለቅሶ አመጣው።

"አሁኑኑ ልሂድ" ብሎ ተነሣ። "በጭራሽ!" አልኩት። መጀመሪያ ያንን ነጠላ አስወለቅኩት። ለስሜን ብለን የገዛነውን የጌታሁንን ጃኬት አለበስኩት። ቀድሞ የሚናገር ሰው ላክን። በማግሥቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ፍሬሙን ይዘን፣ ከመንደሩ በታች ካለው ወንዝ ጀምሬ እልል አልኩ። ድምፄ እስኪዘጋ እልል አልኩ። በዚያ በለቅሶው ጠዋት አንገቱን ደፍቶ የተከተለን ሰው ሁሉ እየሮጠ ወጣ።

እማማ ይታይሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። አልጮኹም፣ አልሮጡም። ልጃቸው እግራቸው ላይ ሲወድቅ አንሥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያን ባነር እንደዳሰሱት ቀስ ብለው ዳሰሱት። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን። እኔ ፍሬሙን ታቅፌ ከጎን ቆሜያለሁ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ይኸኛው ይሻላል" አሉኝ። ከዚያ ልጃቸውን፣ "በል፣ ያንን አሁን ስቀለው" አሉት።

ምንይችል እስከ ጥምቀት ቆየ። ሲመለስ እናቱን ትቶ መሄድ አልሆነለትም፤ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ይዟቸው ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። እማማ ይታይሽ በሶውን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። አብሬያቸው ልግባ ልግባ አለኝ። ግን ልጄን ትኩሳት ይዞት ነበር፣ ጌታሁንም ፈተና ላይ ነበር። "በሚቀጥለው ሳምንት እንከተላችኋለን" አልኳቸው። መንገዱ ቀደመኝና ተዘጋ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሱም፣ እኔም አልሄድኩም። ኔትወርክ ሲገኝ በልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። መጀመሪያ የደወሉ ዕለት "ፍየሎቹን አየኋቸው። እነሱስ ጠባቂ አያሻቸውም" አሉኝ። ቤቱ መስኩ ላይ እንዳልሆነ፣ ከተራራው ወዲያ ባነሩ በማያሳየው በኩል እንደሆነ ነገሩኝ። የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈዋል። ምራታቸው እውነትም ደግ ናት አሉ። ግን መንደራቸው ይናፍቃቸዋል። ላማቸውን ይጠይቁኛል፤ አያ በላይ እያለቡላቸው እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ያን ባደረግኩት ነገር ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ባላደርገው ኖሮስ ማን ያመጣው ነበር እላለሁ ደግሞ።

ጃኬቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ጌታሁን ፓርኩ የትም አይሄድም ማለቱን ትቷል። ደንበኛ ሲጠፋ ወንበሩን አዙሬ እቀመጣለሁ። ድሮ የማየው ገደሉን ነበር፤ አሁን ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ መስክ ነው። ተመራቂዎች ሲመጡም "ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ፣ እዚያ ጋ አትቁሙ፤ ሰው አለ" እላቸዋለሁ።

በቀደም ደውለው ነበር። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፤ ያ ፊቴን በመታኝ ብዬ ስመኘው የኖርኩት ነፋስ። ደኅንነቴን ጠየቁ፣ ልጆቼን ጠየቁ፣ ላሟን ጠየቁ። ከዚያ ዝም አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ልክ በሬ ላይ ቆመው ይሉት እንደነበረው አድርገው፣

"መቼ ነው?" አሉኝ።

ሙሉ፣ ከእንጅባራ